ፍቅር ብቻ የሚያወሩ ፊልሞችም ፖለቲካ አላቸው

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ፣ ሕዝቡ በፖለቲካ ስለተሰላቸ ፊልም ሠሪዎች ከዚህ ጉዳይ እጃቸውን እንዲሰበስቡ መጠየቃቸውን አንብቤአለሁ። ድካማቸው ይገባኛል፤ እኛ የባሕር ዳር ነዋሪዎች በቅርብ ዓመታት ያሳለፍነውን ያሳለፈ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ ጥቂት መሳቅ ቢያምረው የሚወቅሰው የለም። ነገር ግን ከፖለቲካ የጸዳ የሚባለው ፊልም ራሱ ምን እንደሚያስተምረን ሳንመረምር ሐሳባቸውን መቀበል አይገባንም።

የፍቅርና የአስቂኝ ፊልሞቻችንን ልብ ብሎ የተከታተለ ሰው የታሪኩ ቋጠሮ አዘውትሮ በምን እንደሚፈታ ያውቃል። የቤት ኪራይ ያስጨነቃት ልጅ ባለጸጋ ታገባለች፤ ከሥራ ለተባረረው ወጣት ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ይደርስለታል። ቀበሌ ሄዶ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ» እየተባለ ደጅ የሚጠና፣ በፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚንከራተት፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ፊርማ አሰባስቦ አቤቱታ የሚያስገባ ሰው ግን እምብዛም አይታይም፤ ይህ ሁሉ የዕለት ተዕለት ኑሯችን ሆኖ ሳለ። ወጣቱ ተመልካች ችግር የሚፈታው በመብት ሳይሆን በደግ ሀብታም ነው የሚል እምነት ይዞ ከአዳራሹ ይወጣል። ስለ ዜጋና ስለ መንግሥት ከዚህ የበለጠ ትምህርት በየትኛውም ስብሰባ አይሰጥም።

በሌላው ዓለምም ቢሆን መዝናኛው ሥልጣን እስከ መስጠት ደርሷል። በፊልሞቹ የድሃ ጠበቃ ሆኖ የታየው ኤም ጂ ራማቻንድራን እ.ኤ.አ. በ1977 በሕንድ የታሚል ናዱ ግዛት ዋና ሚኒስትር ሆኗል፤ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ፕሬዚዳንት ሆኖ የተወነው ዘለንስኪም እ.ኤ.አ. በ2019 የዩክሬን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጧል።

አስተያየት ሰጪው የሚፈሩት ፕሮፓጋንዳን ከሆነ ፍርሃታቸው መሠረት አለው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረጸበትን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስና ከንጉሠ ነገሥቱ ውሾች አመጋገብ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረሃቡም ድግሱም እውነት ነበሩ፤ ይሁን እንጂ የትኛው ምስል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ የወሰነው ጠመንጃ የያዘው አካል ብቻ ነበር። ያው ደርግ ከ10 ዓመት በኋላ አብዮቱን በድምቀት ሲያከብር ሌላ ረሃብ ሸሽጎ ነበር፤ እሱንም በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ለዓለም የገለጠው ከኮረም የተቀረጸ ፊልም ነው። እንግዲህ ጉዳቱ የመጣው ፊልም ፖለቲካን በመንካቱ ሳይሆን መቀስና ማሠራጫ በአንድ እጅ በመያዛቸው ነው፤ መድኃኒቱም የሠሪዎቹን ቁጥር ማብዛት እንጂ ዝም ማሰኘት አይደለም።

በ2001 ዓ.ም. ፌስፓኮ በተባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ያገኘውን የኃይሌ ገሪማን ፊልም «ጤዛ»ን ያየ ሰው ነገሩን በቅርብ ይረዳዋል። ከጀርመን የተመለሰው ምሁር በእናቱ መንደር የሚያገኘው ሰላምን ሳይሆን አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የተደበቁ ልጆችን ነው። ፊልሙ የማንም ደጋፊ እንድንሆን አይለምነንም፤ እናት ልጇን ስትነጠቅ ግን ዓይናችንን እንድናዞር አይፈቅድልንም። እዚሁ ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ውኃውም፣ ልቅሶውም፣ አነጋገሩም የራሳችን ነው።

ስለዚህ የሙሉዓለም የባህል ማዕከልና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉ ፊልሞችን በአዳራሾቻቸው እያሳዩ፣ መብራቱ ሲበራም ታዳሚው በግልጽ እንዲከራከርባቸው መድረኩን እንዲያመቻቹ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም አንድ ወጣት ዳይሬክተር ቢሮአቸው ውስጥ የባለጉዳይ ሰልፍ ልቅረጽ ብሎ ሲመጣ በራቸውን ይክፈቱለት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከባሕር ዳር