ስለ ሪሌዮቹ ጉዳይ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ይህን ያህል ሳንጠያየቅ መቆየታችን ከልብ ይቆጨኛል። ማሽኑን ራስህ እየገጣጠምክ መሆኑን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ፓምፑንና ቫክዩሙን በሶሊድ ስቴት ሪሌይ (ተንቀሳቃሽ አካል በሌለው ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ) ልታዛቸው እንደሆነ ስሰማ ግን ቶሎ ልጻፍለት አልኩ።

ማሽኑን በሚያዘው የመቆጣጠሪያ ቦርድ በኩል ብዙም አትቸገርም። አብዛኞቹ ሪሌዮች መግቢያቸው ላይ ከ3 እስከ 32 ቮልት ዲሲ ይቀበላሉ። ውስጥ ትንሽ ኤልኢዲ ይበራል፣ በእሱ ብርሃን ትራያኩ (የኤሲውን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋው ክፍል) ያስተላልፋል። ስለዚህ ቦርድህና የግድግዳው ኃይል በሽቦ አይገናኙም። በጣም የምወድላቸው ነገር ይሄ ነው።

የቦርድህ ፒን (ትእዛዙ የሚወጣበት እግር) 3.3 ቮልት ከሆነ ግን በቀጥታ አታገናኘው፤ ከዝቅተኛው ወሰን ጋር ተጠግቷል። መሃል ላይ ትንሽ ኤንፒኤን ትራንዚስተር አስገባ፤ በፒኑ ትእዛዝ እንደ ማብሪያ ይሠራል፣ ሦስቱ እግሮቹም ቤዝ፣ ኮሌክተርና ኤሚተር ይባላሉ። የሪሌዩን ፕላስ ለ5 ቮልት፣ ማይነሱን ለኮሌክተሩ፣ ኤሚተሩን ለግራውንድ። ከፒኑ ወደ ቤዙ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይበቃል። ፒኑን ደግሞ በ10 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ ሳበው። ቦርዱ ሲነሳ ፒኖቹ ለጥቂት ጊዜ ባለቤት የላቸውም፤ ያኔ ፓምፑ በራሱ እንዲነሳ አንፈልግም።

ሪሌዩ ፊት ላይ የተጻፈውንም አንብብ። የኤሲውን ዓይነት ለዲሲ ጭነት ከተጠቀምክ አንዴ ከበራ አይጠፋልህም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። እነዚህ ሪሌዮች ሲበላሹ አብዛኛውን ጊዜ ሾርት ሆነው ነው፤ ማለትም በርተው ይቀራሉ። ቦርዱ "አጥፋ" ቢል ሰሚ የለም። ስለዚህ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ቁልፍ ቦርዱን ብቻ እንዲነግር አታድርገው፤ ከሪሌዮቹ በፊት ያለውን ኮንታክተር (ዋናውን ኃይል የሚቆርጠውን ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ) በቀጥታ ያጥፋው። ፊውዝም አትርሳ። ሪሌዩ ጠፍቶም ቢሆን ጥቂት ሚሊአምፔር ያሳልፋል። ስለዚህ እጅህን ከመስደድህ በፊት ሶኬቱን ንቀል፤ እባክህን በዚህ አትደራደር።

ሙቀቱም አለ። ሲያስተላልፍ ከ1 እስከ 1.5 ቮልት ገደማ ራሱ ላይ ይቀራል። በ10 አምፔር ከ10 እስከ 15 ዋት ሙቀት ማለት ነው፤ ያለ ሂት ሲንክ (ሙቀቱን ወደ አየር የሚያስወጣ ብረት) አይችለውም። ሞተር ደግሞ ሲነሳ ከተጻፈለት ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ስለዚህ አምፔሩ ሰፋ ያለውን ሪሌይ ምረጥ።

ፓምፑና ቫክዩሙ ላይ የተለጠፈውን አምፔር አንብበህ ከቦርዱ ፎቶ ጋር ላክልኝ። ኃይል ከመልቀቅህ በፊት አብረን እናየዋለን።

ያንተው ወዳጅ