የፎቶ ማጠቢያ ሲንክ ከላሜራ አይሠራ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በፊልም ካሜራ እያነሱ ፎቷቸውን ቤታቸው ማጠብና ማተም የሚፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች ብየዳ ቤት ሄደው ዚንክ ከተቀባ ላሜራ ሲንክ እንዳያሠሩ አደራ ለማለት ነው የምጽፈው። ፊክሰር፣ ማለትም ፎቶውን የሚያጸናው ኬሚካል፣ ዚንኩን ይበላዋል። መጀመሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣዋል፣ ቀጥሎ ብረቱ ይዝጋል፣ የዝገቱ ብናኝም እርጥብ ወረቀት ላይ አርፎ ቡናማ ነጥብ ይጥላል። የማይዝግ ብረት ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም።

የሚያዋጣው 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ነው። የሲንኩ ርዝመት 1 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 60፣ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 20 በ25 ሳንቲ ሜትር ፎቶ የሚታጠብባቸው አራት ትሪዎች ይደረደሩበታል፤ እንጨቱም ከአንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ ይወጣል። ማዕዘኖቹ በኮላና በብሎን ከተያዙ በኋላ በፋይበር ግላስ ጨርቅ ይሸፈኑ፤ ከዚያ መላው ገንዳ ሁለት ጊዜ ኤፖክሲ (ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ይቀባ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ማዕዘኑን አስቀድሞ በሲልከን ይደፍነዋል። ሲልከን ላይ ኤፖክሲ አይዝም፤ ይላጣል፣ ውሃ ይገባል፣ ኮምፔርሳቶውም ያብጣል።

ወለሉ ወደ ማፍሰሻው በሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ። ትሪው ግን መዝቀዝቀዝ የለበትም፤ ዴቨሎፐሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል፣ ወደ አንድ ወገን ከሄደ የወረቀቱ ጫፍ ይጋለጥና ያልበሰለ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከትሪዎቹ ሥር የሚሆን የእንጨት ርብራብ ይሠራና ከማፍሰሻው የራቀው ጫፍ እግር በ1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይጠር። ፊክሰሩ ወደ ማፍሰሻው ይጠጋ፣ ዴቨሎፐሩ ከሌላው ጫፍ ይሁን፤ ትንሽ የፊክሰር ጠብታ ዴቨሎፐሩን ታበላሸዋለች። ቧንቧው 50 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ይሁን።

የውሃ መስመር ባይገባም ችግር የለውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 20 ሊትር ጄሪካን ከበላይ፣ ባልዲ ከታች ይበቃል። ጠፍቶ የመጣ ውሃ ደለል ስላለው ግን አድሮ ይጥለል፣ በንጹሕ ነጠላ ይጠለል፤ አሸዋው እርጥብ ፊልም ይቧጭራል። ፊልሙ ከፊክሰር በኋላ ሲታጠብ፣ ፊልም ማጠቢያ ጣሳ ውስጥ ውሃ ሞልቶ 5 ጊዜ፣ ቀይሮ 10 ጊዜ፣ ቀይሮ 20 ጊዜ መገልበጥ ፊልም አምራቹ ኢልፎርድ የሚመክረው ዘዴ ነው፤ ለአንድ ፊልም ከ1 ሊትር ያነሰ ውሃ ይፈጃል።

ደሴ ብርዳም ናት። ዴቨሎፐር 20 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከ13 ዲግሪ ሲወርድ ውስጡ ያለው ሃይድሮኪኖን የተባለ ምስል አውጪ ንጥረ ነገር ሥራውን ያቆማል ማለት ይቻላል፣ ፎቶውም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ትሪውን ሙቅ ውሃ ባለው ሳፋ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

ያገለገለ ፊክሰር በሲንኩ እንዳይደፋ አጥብቄ እለምናለሁ። ከወረቀቱና ከፊልሙ የሟሟ ብር (የጌጣጌጡ ማዕድን) አለበት፤ የደሴ ፍሳሽ መዳረሻው ቦርከና ወንዝ ነው፣ ቦርከና ደግሞ ታች ያለውን ማሳ ያጠጣል። በፕላስቲክ ጄሪካን ይጠራቀምና የድስት መፈግፈጊያ የብረት ሱፍ ይነከርበት። ብረቱ ሲሟሟ ብሩ በቦታው ጥቁር ደለል ሆኖ ይዘቅጣል፤ ጥቂት ቀናት ይወስዳል። ክዳኑ ጠብቆ አይዘጋ። ጄሪካኑ ላይም በትልቁ «መርዝ» ተብሎ ይጻፍ፤ የቤት ጄሪካን ሁሉ አንድ ዓይነት ነውና ልጅ ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ