«ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ ከመጻፉ በፊት ይጠየቅ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያ

ለደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያ
ደሴ

ጉዳዩ፦ የመድኃኒት አለርጂ ምርመራንና አመዘጋገብን ይመለከታል

በኮምቦልቻ ከተማ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። በየጊዜው በሚደርሱኝ ማዘዣዎች ጥግ ላይ «ፔኒሲሊን አለርጂ» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ አያለሁ፤ መድኃኒቱ የትኛው እንደነበረ፣ መቼ እንደተወሰደና ምን እንዳደረገ ግን አይጻፍም። የፔኒሲሊን ወገን የሆነው አሞክሳሲሊን የተከለከለ የአንድ ሕፃን እናት ምን ሆኖ እንደነበር ብጠይቃቸው «ሽሮፑን ሲጠጣ አስቀመጠው» አሉኝ። ተቅማጥ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት እንጂ አለርጂ አይደለም። መርፌ ሲወጋ ፊቱ ነጥቶ የሚዝለፈለፍና ጋደም ሲል የሚመለስለት ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ድንጋጤ ነው፤ ሳማ እንደነካው ቆዳው አብጦ ካሳከከው፣ ከንፈሩ ካበጠና ትንፋሽ ካጠረው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ፔኒሲሊን አይስማማቸውም ተብለው ከተመዘገቡት ሰዎች ከ10ሩ 9ኙ ያህል ሲመረመሩ መድኃኒቱን ያለ ችግር ይወስዳሉ፤ እውነተኛ አለርጂ የነበራቸውም ብዙዎቹ በ10 ዓመት ውስጥ ይተዋቸዋል። ያልተጣራው ጽሑፍ አብዝቶ የሚጎዳው፣ ሩማቲክ የልብ ሕመም (ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በሮች የሚጎዳ በሽታ) ኖሮባቸው፣ እንዳያገረሽባቸው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚወጉ ልጆችን ነው። መርፌው ሲቋረጥ በምትኩ ኤሪትሮማይሲን የተባለ ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ ለዓመታት መዋጥ ይመጣል፤ ከቦረና ወይም ከወግዲ ገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ ይህ ምን ያህል እንደሚዘልቅ መምሪያው ያውቀዋል።

ስለዚህ በየጤና ጣቢያው ካርድ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ምልክቱ፣ ከተወሰደ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደታየና ከዚያ ወዲህ ተወስዶ እንደሆነ የሚሞላበት ቦታ እንዲኖር እጠይቃለሁ። ታሪካቸው አጠራጣሪ የሆነባቸው ወደ ሆስፒታል ተልከው፣ ለከባድ አለርጂ የሚወጋው አድሬናሊን በተዘጋጀበት ክፍል፣ በሐኪም ክትትል ይመርመሩ። የመድኃኒቱ ጠብታ ቆዳ ላይ ተደርጎ በመርፌ ጫፍ ጫን የሚደረግበት የቆዳ ምርመራ ውጤት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ መድኃኒቱ ከሌለበት ማነጻጸሪያ ጠብታ ጋር ተያይቶ የሚነበብ እንጂ «ትንሽ ቀላ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም (የደሴ ብርድ ያስለመደን የአለርጂ ማስታገሻ ሴትሪዚንም ከቀናት በፊት ካልቆመ ውጤቱን ያሳስታል)። ቀድሞ መድኃኒቱ ቆዳቸውን የላጣቸው ወይም አፋቸውን ያቆሰላቸው ሰዎች ግን ለሙከራ እንኳ ዳግመኛ ሊሰጣቸው አይገባም።

አለርጂ እንደሌለበት የተረጋገጠ ሰው ደግሞ ጽሑፉ ከካርዱ ተሰርዞ የተፈረመበት ወረቀት ይሰጠው፤ አለዚያ በሚቀጥለው ጤና ጣቢያ ያው ቀይ ጽሑፍ ይመለስበታል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ፋርማሲስት፣ ኮምቦልቻ