«ነፃ» የምትለዋን ቃል አርሙልኝ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

መስቀል አደባባይ ድንኳን ተተክሎ ስለተደረገው የልብ ምርመራ የጻፋችሁትን አየሁት። ምርመራው ነፃ ነበር፤ እውነት ነው፣ ሳንቲም አልተቀበሉም። እናንተ ግን «አብዛኞቹ ከልብ ሕመም ነፃ መሆናቸው ተረጋገጠ» ብላችሁ ጨመራችሁ። ያናደደችኝ ይቺ ሁለተኛዋ «ነፃ» ናት።

ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ሚኒባስ እነዳለሁ። አምና እኔም እንዲህ ያለ ድንኳን ውስጥ ተሰልፌ ነበር። ግፊቴ ተለካ፣ ደረቴ ላይ ሽቦ ተለጣጠፈ፣ «ልብህ ደህና ነው» ተባልኩ። ምን እደብቃለሁ፣ ፈነጠዝኩ። ማታውን ከልጆቹ ጋር ቁርጥ በላን። ትቼው የነበረውን ሲጋራም ጀመርኩት። ደህና ነህ ተብያለሁ አይደል?

ከዚያ ሰኔ ላይ የቆመ መኪና ስንገፋ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ባለቤቴ «ነፃ ነህ ተብለሃል እኮ፣ ጨጓራህ ነው» አለች። በእሷ አልፈርድም። የሄድኩበት ክሊኒክም ወረቀቴን አይቶ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኘኝ። ሁለት ወር ሙሉ የሌለብኝን ቃር ሳክም ከረምኩ። በኋላ ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። መሮጫ ማሽን ላይ አውጥቶ አየኝ፣ ሌላ ምርመራም ጨመረ። ለልብ ደም የሚያደርሰው ሥር ጠቧል።

እሱ ነው ያስረዳኝ። ኢሲጂ፣ ያ ደረቴ ላይ ሽቦ የተለጣጠፈበት ምርመራ፣ የሚያነበው ተጋድመህ ሳለህ ያለውን የጥቂት ሰከንድ የልብ ኤሌክትሪክ ነው። የጠበበ ሥር ቢኖርም ውጤቱ ደህና ሊመስል ይችላል። ፍሬን ቆሞ ይፈተሻል እንዴ? ግፊትም ከቀን ቀን ይለያያል፤ አንድ ቀን ከ140/90 በታች መገኘት የዕድሜ ልክ ውል አይደለም። የመኪናዬ ቦሎ እንኳን በየዓመቱ ይታደሳል!

ምርመራው ይቅር አላልኩም። ግፊት ሳያሳምም ይከርማል፤ የእኛ ተራ አስከባሪ ግፊት እንዳለበት ያወቀው እንዲህ ባለ ድንኳን ውስጥ ነው። እኔ የምለው ውጤቱን ለሰው ስትነግሩ ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ንገሩ ነው። «ዛሬ ባየነው ችግር አልተገኘም» ማለት ስንት መስመር ይፈጃል?

ፎቶዎቻችሁስ? ሁሉም ባለስኒከር ሯጮች ናቸው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ መሪ ጨብጦ የሚውል ሹፌር የለም፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል ረዳትም የለም። ተሰልፈን ነበር እኮ! ለነገሩ ተሳፋሪውም ልብ የላችሁም ነው የሚለን።

በዚያ ቀን ከተመረመሩት አንዱ የተራችን ሹፌር ነው። ውጤቱን ላሚኔት አስደርጎ መስታወቱ ላይ ሰቅሎታል፤ የእናንተን ዘገባ ደግሞ ቆርጦ ከጎኑ ለጥፎታል። ፎቅ ሲወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ራሱ ነግሮኛል። ሐኪም ጋ ሂድ ብለው «አንተ በሽተኛ ስለሆንክ ሁሉም በሽተኛ ይመስልሃል» አለኝ። እናንተን ስለሚያምን እርማቱን ቶሎ አውጡልኝ፤ ቆርጬ የምለጥፍለት እኔ ነኝ።

ከአራት ኪሎ፣ የሚኒባስ ሹፌር