በቆዩ ደብዳቤዎቻችን ላይ የሚታዩ የኢሜይል አድራሻዎችን ስለመሸፈን

ውድ አባላት፣

በኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት በሆኑት የቡድናችን የቆዩ ደብዳቤዎች ላይ የሰፈሩትን የኢሜይል አድራሻዎች በሙሉ ለመሸፈን አስበናልና የእናንተን ፈቃድ እንጠይቃለን።

ባለፈው ሳምንት አድራሻዬን በጉግል ስፈልግ፣ ከዓመታት በፊት «በስብሰባው እገኛለሁ» ብዬ የጻፍኳት አንዲት መስመር ከነሙሉ ስሜ ወጣች። አድራሻ ለቃሚ ፕሮግራሞች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ገጽ በገጽ እየዞሩ ያገኙትን ይሰበስባሉ፣ ከዚያም ዝርዝሩ ይሸጣል። በ@ ምልክት ፋንታ «አት» ብሎ በፊደል መጻፍም የሚያታልለው ደካማዎቹን ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አላስፈላጊው መልእክት አይደለም፤ ስማችንንና የምንጻጻፋቸውን ሰዎች የሚያውቅ አጭበርባሪ በወዳጅ ስም ሊጽፍልን መቻሉ ነው።

አንድ ነገር ወስኑ፦ አድራሻችሁ ብቻ ይሸፈን ወይስ ስማችሁም ጭምር? እኔ ስሙ ሳይሸፈን ቢቆይ እመርጣለሁ፤ ማን ምን እንዳለ ካልታወቀ የቆየው ውይይት ትርጉም ያጣል። በሌሎች ምላሽ ውስጥ ተገልብጦ የቀረ አድራሻ በቀላሉ ስለሚያመልጠን፣ የተዋችኋቸውን የድሮ አድራሻዎችም አስታውሱን።

መልሳችሁን እስከ ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ለእኔ ብቻ በግል ላኩልኝ፤ እባካችሁ አድራሻ በዚህ ቡድን ውስጥ አትጻፉ። ሥራውን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በተለመደው የስብሰባ ክፍላችን እንጀምራለን፤ ማገዝ የምትችሉ ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ ኑ። እስካሁን የተለቀመውን መመለስ አይቻልም። በጉግል ላይ የቀረው አሮጌ ቅጂ እንዲነሣ ግን ገጾቹ እንደተስተካከሉ ጥያቄ አቀርባለሁ።