የአስፈሪ ፊልሞች ምርጫችን ተጀምሯል

ሰላም ወዳጆች፣

እስከ እሁድ ማታ አምስት አምስት ፊልም በደረጃ ላኩ። ክርክሩ ከወዲሁ ጦፏል።

ብዙዎቻችሁ «ዘ ኤክሶርሲስት»ን አንደኛ አድርጋችኋል። ይገባዋል፤ በ1973 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ይህ ፊልም ለምርጥ ፊልም ኦስካር የታጨ የመጀመሪያው አስፈሪ ፊልም ነው። የእኔ አንደኛ ግን የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ» ነው። በ1982 ሲወጣ ብዙ ሃያሲያን አብጠልጥለውት ነበር። አንታርክቲካ ላይ በረዶ የዘጋባቸው ሰዎች፤ ማን ሰው፣ ማን ጭራቅ እንደሆነ አይታወቅም። ያ የደም ምርመራ ትዕይንት ዛሬም ትንፋሽ ያሳጥራል! ጭራቁም በኮምፒውተር ሳይሆን በእጅ የተሠራ ስለሆነ የሚዳሰስ ይመስላል።

«ዘ ሻይኒንግ» ይበልጣል የምትሉ፣ ተከራከሩኝ። «ያስፈራል» ብቻ ግን አይበቃም። የትኛው ትዕይንት? ለምን? መጨረሻውን ደግሞ ላላዩት እንዳትናገሩ፣ አደራ።