የእሳት ማገጃውን መስመር ማን ይመልሰው?

ለአዘጋጁ፦

በፓርኮች ውስጥ ቃጠሎ ሲነሳ የእሳት ማገጃ መስመር (እሳቱ እንዳይሻገር ሣርና ቁጥቋጦ የሚነሳበት መሬት) በዶዘር ይቀደድ የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩ። መስመር መቁረጥ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲነድ የአካባቢው ሰው እንዴት እንደታገለ አይተናል።

ጣጣው የሚመጣው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ዶዘር ሣሩን ብቻ አያነሳም፤ አፈሩን ከነሥሩ ይገለብጣል። የተቃጠለ አስታ (የደጋው ቁጥቋጦ) ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። ሥሩ የተነቀለውስ ከየት ያቆጥቁጥ? በዚያ ብርድ የደጋው ሣር ጓሳውም ቶሎ አያገግምም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዳገት ላይ የተቀደደው መስመር ቦይ ይሆናል፤ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎት ይወርዳል። ከብትና እንጨት ቆራጭም መንገድ ያገኛል። (አልፈርድባቸውም፤ የተከፈተ መንገድ ማን ይተዋል?)

የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን እዚሁ አዲስ አበባ ነው ያለው። በጋው ሳይጠነክር የየፓርኩን ማገጃ መስመር በካርታ ያስቀምጥ፤ መስመሩም ነባር የእግር መንገዶችንና ዓለታማ ሸንተረሮችን ይከተል። ዳገት ላይ ዶዘር ቀርቶ በማጭድና በአካፋ ይሠራ። ዶዘር የግድ ከገባም አፈሩን መመለሻ፣ ውሃ መቀልበሻና መግቢያውን መዝጊያ በጀት አብሮ ይያዝ። ሥራውም ሰኔ ሳይገባ ይጠናቀቅ።

አንድ አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ